የአውሎ ምድር መንገድ ቀያሽ

ታምሩ መሞቱን የሰማሁት የሐጃን ሻርፕ እየተኮስኩ ነው። ሐጃ የምላቸው ሳውዲ፣ ኾበር ከተማ ውስጥ፣ አል ሒዛም አል-አኽደር ሰፈር የማስታምማቸው አሮጊት ናቸው። ስልኬ ጮኸ፤ ዘይነባ ከደሴ የድምፅ መልእክት ልካለች። ዘይነባ ቀድሞ ራካ በሚባለው ሰፈር አብራኝ ትኖር የነበረች፣ ኸላስ፣ በቃኝ ብላ አገሯ የገባች ልጅ ናት። «እትዬ ሐዋ፣ ያ ጣሪያ ላይ ይኖር የነበረው ታምሩ አርፏል። ትናንት ቀበሩት» አለችና ወዲያው ስለ ዘይት መወደድ ቀጠለች።

ካውያውን ነቀልኩት። ሐጃ ፊቴን አይተው «ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«ሰው ሞተብኝ።»

«ዘመድሽ?»

«አይደለም። ጎረቤቴ የነበረ ነው።»

«አላህ ይርሐሙ» አሉና ሻርፓቸውን ተቀበሉኝ።

እዚህ አገር ሐዘን እንዲህ ነው። ለቅሶ የሚቀመጡበት ቤት የለም። ሟቹን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ደግሞ «እንዲህ ነበር እኮ» የሚባባሉት አይገኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ለታምሩ ግን የሚበቃ ይመስለኛል።

ራካ ላይ ለእረፍት ቀኔ የማርፍባት ክፍል ነበረችኝ። ዘይነባና ሌሎች የወሎ ልጆች ተደራርበን ተከራይተናታል። ከእኛ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ በበጋ እንደ እቶን የምትግል አንዲት ክፍል አለች፤ እሷን ይዞ የሚኖረው ታምሩ ነው። ረጅም፣ ትንሽ ጎንበስ ያለ ሰው ነበር። ከኪሱ ምላጭ አይጠፋም፤ በወረቀት ጠቅልሎ ይይዘዋል። እኔ መጀመሪያ ክፉ ሰው መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው ሥራው መሆኑን የሰማሁት። ደማም ውስጥ በአንድ ተቋራጭ ቢሮ የመንገድ ፕላን ነዳፊ ነው፤ ምላጩ የተሳሳተ ቀለም መፋቂያ ነው። ጴንጤ ነው፤ አርብ ጠዋት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለብቻው ሲዘምር እሰማው ነበር። ጠዋት በቢሮው አውቶቡስ ይሄዳል፣ ማታ በዚያው ይመለሳል። በደረጃው ሲያልፍ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል። ከዚያ በላይ ቃል ሲያወጣ የሰማ አልነበረም።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። አንድ አርብ ልብስ ላወርድ ጣሪያ ብወጣ፣ ሰውዬው ተንበርክኮ ከማዶው ባዶ ቦታ ያመጣውን አሸዋ በትልቅ ትሪ ቆልሎ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ ውሃ ያፈስበታል። ውሃው ከትሪው ሞልቶ፣ ጭቃ ሆኖ፣ ነፋስ የጣለውን ነጭ ሻሼን አግኝቶታል።

«አንተ ሰውዬ! ምንድን ነው ይኼ?»

«አገር ነው» አለኝ፤ ቀና ሳይል።

«የማን አገር?»

«ገና አልተሰጠም። ውሃው ወዴት እንደሚወርድ እያየሁ ነው።»

«ወዴት እንደሚወርድ እኔ ልንገርህ? ሻሼ ላይ ወርዷል!»

ያኔ ቀና አለ። ደነገጠ። «ይቅርታ እትዬ፣ ተራራውን ወደ ምሥራቅ ጠጋ ባደርገው ኖሮ…»

«ተራራህን ተወውና ሻሹን እጠብ!»

አጠበው። አሽቶ አጥቦ፣ ጠምዝዞ፣ ገመድ ላይ አሰጣው። እኔም ለሁለታችንም እንዲበጅ ጣሪያውን በኖራ ድንጋይ አስምሬ ለሁለት ከፈልኩት። «ከዚህ ወዲያ ያንተ አገር፣ ከዚህ ወዲህ የእኛ ልብስ። የአንዱ ነፋስ ወደ ሌላው ቢሻገር ሙሽኪላ ነው፣ ጠብ ነው» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ወጣት ይመስላል።

ከዚያ በኋላ አርብ አርብ ልብስ ሳሰጣ ደጁ ላይ ባለች የፕላስቲክ ሣጥን ላይ እቀመጥ ጀመር። በሩ ክፍት ነው፤ እኔም ውጭ ነኝ። አሮጊት ብሆንም ወሬ እግር አለው። ያ የአሸዋ አገር የማን እንደሆነ የነገረኝ በዚህ መሐል ነው።

ረድኤት የምትባል ልጅ አለችው፤ ደሴ አስተማሪ ናት። ወደ አረብ አገር ሲመጣ ገና መናገር ያልጀመረች ሕፃን ነበረች። እናቷ ብቻዋን አሳደገቻት። እናቷ ስትሞት እሱ አልሄደም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቱ አላናገረችውም፤ ስልኩን ታያለች፣ አታነሳም። እንዲህ ሆነው ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ከሷ መልእክት ደረሰው። መጽሐፍ እየጻፈች ነው። አውሎ ምድር የሚባል፣ በዚህ ዓለም ላይ የሌለ አገር ታሪክ ነው። መጽሐፉ ካርታ ያስፈልገዋል። «እርስዎ መንገድ ነዳፊ ነዎት ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቢስሉልኝ» ትላለች። አቶ ታምሩ ብላ ነው የጻፈችለት።

«እርስዎ አለችኝ» አለኝ፤ ስልኩን እያሳየኝ። «ግን ጠየቀችኝ እትዬ ሐዋ። ከተወለደች ወዲህ ከእኔ የጠየቀችው ነገር ይኼ ብቻ ነው።»

ሰውዬው በዚያ ወረቀት ላይ ምን እንዳንጠለጠለ ያኔ ገባኝ። ካርታው ካማረላት ልጅ አለው። ካላማረላት ይቺው የጋለች ክፍል ነች።

ልጅቱ የላከችውን ንድፍ አየሁት። ተራሮቹ እንደ ጥርስ ተደርድረዋል። ወንዙ ከባሕር ተነስቶ ተራራ ይወጣል። መንገዶቹ ከከተማ ከተማ እንደ ክር ቀጥ ብለው ተወጥረዋል። ታምሩ አይቶ አይቶ «እናቷን ነው የምትመስል፤ መታጠፍ አታውቅም» አለ። ሰውዬው ስለ ሟች ሚስቱ ጠባይ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቢሮው የሚጥላቸውን የተበላሹ የፕላን ወረቀቶች እያመጣ በጀርባቸው ይስላል። ብርሃን ላይ ሲይዛቸው፣ ከአውሎ ምድር ተራሮች ሥር በማስመሪያ የተሰመሩ የደማም ጎዳናዎች ይታያሉ። «ይኼ የኩባንያ መንገድ ነው» ይለኛል፤ ቀጥ ያለውን እያሳየኝ። «ገንዘብና ጉልበት ያለው እንዲህ ያሰምራል። ሰውና በቅሎ ያወጡት መንገድ ግን ጠማማ ነው። አቀበት ያስወግዳል፣ ረግረግ ይዞራል፣ ውሃ ሲጠማው ወደ ወንዝ ይወርዳል።»

የማይሆን ነገር አይስልም። ነፋሱ ከባሕር ከመጣ ዝናቡ በባሕሩ በኩል ባለው ተራራ ላይ ያልቅና ጀርባው ይደርቃል፤ ስለዚህ እዚያ ጀርባ ላይ ጫካ አይኖርም። ወንዞች እየተገናኙ ይሰፋሉ እንጂ እየተበተኑ አይወርዱም። ከተማ የሚቆመው ወንዝ የሚሻገሩበት ቦታ ነው፤ ወይም አቀበት ከመጀመሩ በፊት፣ ሰው ሸክሙን የሚያስተካክልበት። እኔ ከመሰልቸቴ የተነሳ «የሌለ አገር አይደል እንዴ፣ ማን ሄዶ ያየዋል?» ብለው፣ ተቆጣ። «የሌለ ስለሆነ ነው እኮ! ያለውን አገር ብትሳሳቺ… ይቅርታ፣ ቢሳሳቱ፣ ሄዶ የሚያርምዎ አለ። የሌለውን ማን ያርመዋል? ሰው ካላመነው በቃ ይጠፋል።»

አንድ ነገሩ ደግሞ ገርሞኝ ይኖራል። በዚያ ካርታ ላይ መንገደኛ ብቻውን ውሎ እንዲያድር አይፈቅድም። አንድ ቀን ከሚያስኬደው በላይ ባዶ ቦታ ካለ፣ መሐል ላይ ትንሽ ምልክት ያደርጋል፤ ጉድጓድ፣ ወይም የአንድ ሰው ቤት። «ቀኑን ሙሉ ሄዶ እግዜር ይስጥልኝ የሚለው ሰው ካጣ እብድ ይሆናል» ይለኛል። ይህን የሚለኝ ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ከማንም ጋር ሳያወራ የሚከርም ሰው ነው።

ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ቦታ አንድ ቀን ከጣሪያው ቁልቁል አሳየኝ። አሸዋው ላይ ከቤታችን እስከ በቃላው፣ ሸቀጥ እስከምንገዛበት ሱቅ ድረስ፣ ጠመም ያለ ቀጭን መስመር አለ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«በለዲያ ይሆናል፤ የመንግሥት ሰዎች።»

«በለዲያማ አስፋልቱን ነው የሠራ፤ ዙሪያውን። ይህን የሠራችሁ እርስዎና ልጆቹ ናችሁ። በየቀኑ ዳቦ ልትገዙ ስትመላለሱ። ሰው ያልተመላለሰበት መንገድ አይሳልም፤ ለረድኤትም ይህንኑ ጽፌላታለሁ።»

በኋላ በራሱ ቃል የተያዘው ይህን በመጻፉ ነው።

ልጅቱ በታሪኳ ውስጥ ሁለት ቦታ አላት፤ አንዷ ደጋ ላይ ያለች መንደር፣ አንዷ የባሕር ከተማ። ከመንደሯ አንድ አባት ጨው ሊያመጣ ወደ ባሕር ይወርድና እዚያው ይቀራል። ሴት ልጁ ትጠብቀዋለች። በላከችው ንድፍ ላይ በሁለቱ መሐል መንገድ የለም። ታምሩ ካርታውን ጨርሶ፣ በቀለም አጥብቆ፣ ሊልክ ሲል አንድ መንገድ ጨመረ። ከባሕሯ ከተማ ተነስቶ ወንዙን ተከትሎ ወደ ደጋዋ መንደር የሚወጣ። ጉድጓድም አደረገበት፣ ማደሪያም።

«አልጠየቀችህም እኮ» አልኩት።

«ሸለቆው ራሱ ይጠይቃል። ታች ጨው አለ፣ ላይ እህል አለ። መንገድ የለም ብል ማን ያምነኛል?»

«አንተ ታውቃለህ» አልኩና ተውኩት።

መልሷ በሚቀጥለው አርብ መጣ፤ በድምፅ። እኔ ሣጥኔ ላይ ነበርኩ። ታምሩ ለእኔም እንዲሰማኝ ብሎ፣ ደስ ብሎት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው።

«ካርታው በጣም ቆንጆ ነው» ትላለች ልጅቱ። ድምፅዋ እንደ አስተማሪ የረጋ ነው። «ግን ከባሕሯ ከተማ ወደ መንደሯ የሚወጣ መንገድ ጨምረዋል። ሰው ያልተመላለሰበት መንገድ አይሳልም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። በዚህ መንገድ ማን መጣ? እናቴ ስትቀበር ማን መጣበት? እባክዎ ያጥፉልኝ።»

መልእክቱ አለቀ። ታምሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ምን ይላሉ እትዬ ሐዋ?» አለኝ።

ጎረቤቴ ነው፤ እወደዋለሁ። ግን ለወደድኩት ሰው አላዳላም። «ልክ ናት» አልኩት።

«ኢቃማዬ…» አለ፤ የመኖሪያ ፈቃዱን ማለቱ ነው።

«ሚስትህ ስትቀበር ኢቃማህ ተበላሽቶ ነበር። ካፊልህ፣ ያ አሠሪህ፣ ጠፋ ብሎ ሁሩብ አስመዝግቦብህ፣ ከበር መውጣት ትፈራ ነበር። ነግረኸኛል። በዚያ የሚፈርድብህ ካለ እኔ እጣላዋለሁ። ከተስተካከለ በኋላስ? በየበዓሉ ሰው ሻንጣውን ሲጎትት አንተ እዚሁ ጣሪያ ላይ አልነበርክም?»

«በምን ፊቴ ልሂድ?»

«በዚሁ ፊትህ ነዋ! ሌላ አለህ እንዴ?»

ምላጩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ መንገዱን መፋቅ ጀመረ። ከባሕሩ ጀመረ። በጣም በቀስታ ነው የሚፍቀው፤ ወረቀቱ እንዳይቀደድ። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ማደሪያው ጋም ቆመ። እኔ ተነስቼ ልብሴን መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ሰው እንዲህ ሲሆን ማየት ደግ አይደለም። ሲጨርስ ብርሃን ላይ ያዘው። የተፋቀው ቦታ ስስ ሆኖ እንደ ጠባሳ ያበራል። ፎቶ አንስቶ ላከላት። «ጥሩ ነው። አመሰግናለሁ» ብላ መለሰች።

ያኔ የሚተኛ መስሎኝ ነበር፤ ታሞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። እሱ ግን በሳምንቱ ከቢሮው የመጨረሻውን ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛውን ጠየቀ፤ ተመልሶ የማይገባበትን። ደነገጥኩ።

«ለእረፍት ሄደህ ሁኔታውን አታይም? ብትዘጋብህስ?»

«ለእረፍት የሄደ እንግዳ ነው» አለኝ። «አንድ ጊዜ የሄደ ሰው እኮ መንገድ አያወጣም እትዬ ሐዋ። ሣሩን ያጎነብሰዋል እንጂ። በማግስቱ ሣሩ ይነሳል።»

«ልብህስ?» አልኩት። ደማም ሐኪም ቤት ልቡ ላይ ችግር አግኝተውበት፣ የሚውጠው ኪኒን ነበረው።

«እሱም አብሮኝ ይሄዳል» አለ።

የሄደ ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አልሸኘሁትም። በሚቀጥለው አርብ ጣሪያ ስወጣ ክፍሉ ተከፍቶ፣ ተጠርጎ፣ ፕላስቲክ ሣጥኗ ደጁ ላይ ናት። በኖራ ያሰመርኩት መስመር ገና አለ። ልጆቹ «እትዬ፣ አሁን ሙሉው የኛ ነው፤ በሰፊው እናሰጣ» ሲሉኝ ተቆጣኋቸው። ለምን እንደተቆጣሁ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አርብ ረጅም ቀን ሆነብኝ። ጣሪያው ላይ ቆሜ ያን አሸዋ ቁልቁል አያለሁ፤ ሰው አያልፍም፣ ሙቀት ነው። ስለ ወንዝና ስለ ነፋስ የሚነግረኝ ይቅርና፣ አንድ ነገር ብሳሳት የሚቆጣኝ ሰው አጣሁ። አገር ቤት ያሉት ልጆቼ ደዋይ ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ይታዘዙኛል እንጂ አይከራከሩኝም።

ታምሩ አልፎ አልፎ ድምፅ ይልክልኝ ነበር። «ከፈተችልህ?» እለዋለሁ። «ደሴ ብርድ ነው» ይለኛል። «ከፈተችልህ ወይ?» ስለው፣ «ጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፤ ቢያዩት» ይላል። ተናድጄ ተውኩት። በመጨረሻ የመጣው የዘይነባ መልእክት ነው።

ልጅቱ የደወለችልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሬን ከዘይነባ ተቀብላ። ሐጃን ምሳ አብልቼ አስተኝቼ ነበር።

«እትዬ ሐዋ ነዎት? ረድኤት ነኝ፤ የታምሩ ልጅ። አባቴ ስለ እርስዎ ያወራ ነበር።»

አባቴ አለች። ተቀመጥኩ።

«ነፍሱን ይማር ልጄ። ምን አለሽ ስለ እኔ?»

«ጣሪያ ለሁለት የምትከፍል ሴትዮ አለች ብሎኛል» አለች፤ ሳቅ ቢጤ ጀምራ ተቋረጠባት። ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«በየቅዳሜው ይመጣ ነበር። መጀመሪያ አልከፈትኩለትም። አጥሩ ላይ ቆሞ ‹ደህና ነሽ?› ብሎ ይመለሳል። በሳምንቱ እንደገና ይመጣል። ቆይቶ ውሃ ሰጠሁት። ክረምት ሲገባ በረንዳ ላይ ወንበር አወጣሁለት። ቤት ግባ ግን አላልኩትም። ስለ መጽሐፉ ነው የምናወራ፤ ስለ ሌላ ነገር አንነጋገርም። ቤቱ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩትም እትዬ ሐዋ። ባጃጅ ጥጉ ላይ የሚያወርደው ይመስለኝ ነበር።»

«እሺ።»

«የሞተ ቀን አከራዩ ደወሉልኝ። ቤቱ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ማዶ ነው አሉኝ፤ ሌላ አልገባኝም። እየጠየቅኩ ሄድኩ። ያን አቀበት እርስዎ አያውቁትም፤ እኔ ወጣቷ ትንፋሽ አጠረኝ። ጉልት ላይ የምትሸጥ ሴትዮ አገኘሁ። ‹ታምሩ የሚባል፣ ከአረብ አገር የመጣ ረጅም ሰውዬ ቤት ታውቂያለሽ?› አልኳት። ስሙን አላወቀችውም። ‹ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ልጄ ቤት እየሄድኩ ነው የሚለው? በእግሩ የሚሄደው?› አለችኝ። አዎ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ‹ልጅየዋ አንቺ ነሽ?› አለችኝ።»

«እሺ ልጄ፣ ከዚያስ?» አልኳት።

«ጫማ ሰፊውም እንዲሁ አለኝ። ወፍጮ ቤቱ ደጅ የሚቀመጡት ሽማግሌም። ‹ልጅየዋ አንቺ ነሽ?› እያሉ አንዱ ወደ ሌላው እየጠቆመኝ ነው የደረስኩት።»

አለቀሰች። እኔም የማልዋሸው ነገር ነው፣ አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋትና እንዲህ አለችኝ፦

«ያኔ መንገዱን አጥፋ ስለው ልክ ናት ብለው ፈርደውልኝ ነበር፤ ነግሮኛል። አሁንስ? ልክ ነበርኩ?»

እኔ ፍርድ የሚከብደኝ ሴት አይደለሁም። የሰው ጠብ ሰምቼ ማን እንደበደለ ሳልናገር ምሳ አልበላም። ሁለቱንም አስቀመጥኳቸው፤ እናቷን ብቻዋን የቀበረችውን ልጅ፣ በታመመ ልብ አቀበት የሚወጣውን ሰውዬ። አንዱን አንስቼ አንዱን መጣል አቃተኝ።

«ያኔ ልክ ነበርሽ» አልኳት።

«አሁንስ?»

ሐጃ ከውስጥ ውሃ ጠየቁ። «ሽወያ» አልኳቸው፤ ጥቂት ይታገሡኝ። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«ያ በረንዳ ላይ ያወጣሽለት ወንበር የት ነው?»

«እዚያው ነው። አላነሳሁትም።»

«ዝናብ ይመታዋል። አስገቢው» አልኳት።

በር ሲከፈት ሰማሁ። ቀጥሎ የወንበር እግር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ሰማሁ።